ቅዳሜ ገበያ እንቆቆ የምትገዙ፣ የተፈጨውን እንዳትቀበሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የባህል መድኃኒት የሚዘረጉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጆንያው አፉን ከፍቶ፣ ምርጡ ፍሬ ከላይ ተከምሮ፣ «ለስኳርም ለኪንታሮትም ይሆናል» የሚለው ወሬ ከመስፈሪያው ቀድሞ።

የጠየቅኩት እንቆቆ ነው፣ ለኮሶ ትል። ከላይ ያለው ፍሬ እውነተኛ ነበር፦ ድፍን፣ ክብ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚያክል፣ ቀላ ያለ ቡናማ። ሁለት ሲኒ ዓይኔ እያየ ተሰፈረ። ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ነው ሰውዬው «ቤት ውስጥ አይልምልህም፣ እኔ ልውቀጥልህ» ብሎ ፍሬውን ይዞ ከሸራው ጀርባ የገባው። የዘነዘና ድምፅ የለም። ወዲያው በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ይዞ ብቅ አለ። ሁለት ሲኒ ደረቅ ፍሬ እንዲህ በቅጽበት አይልምም። ቀለሙም ቡናማ ሳይሆን አመድማ አረንጓዴ ነው። እዚያው ቆሜ በያዝኩት የውኃ ላስቲክ ውስጥ ቁንጥር ጨምሬ ነቀነቅኩት። አረፋው እስከ አፉ ሞላ፤ ቢጠብቁት አይወርድም። እንዶድ!

«ይሄ እንዶድ ነው» ስለው አልካደም እኮ። «ታዲያ ሆድ አያጥብም?» ብሎ ጎረቤቱን ጠቀሰው፤ ሁለቱም ሳቁ። ብሬን መልስ ስለው «የተፈጨ አይመለስም፤ ጠጥተህ ካልሠራ ና» አለኝ። ጠጥቼ!

እንዶድ ነጠላ ሲያጥብ የኖረው በውስጡ ባለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ በሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ የተነሳ ነው። ብልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ መግደሉ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ያው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። ሰው ሲጠጣው የጨጓራና የአንጀትን ግድግዳ ይልጣል፣ ያስመልሳል፣ ክፉኛ ያስቀምጣል፤ ወደ ደም ከገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ነፍሰ ጡር ላይ ያለውን አደጋ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ጽንስ ለማስወረድ የሚጠጣው እሱ ነውና።

ደግሞ እውነተኛው እንቆቆም ቀልድ አይደለም። ትሉን የሚያዳክመው ኤምቤሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ወግ ባለው አሠራር ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው፤ የአንዱ ፍሬ ጉልበት ከሌላው አይገጥምም፣ አንዱ ሲኒም ከሌላው ሲኒ አይተካከልም። ሲያንስ አካሉ ተበጣጥሶ ይወጣና ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ያ ነጭ ቁራጭ ሰገራ ላይ ተመልሶ ይታያል፣ «መድኃኒቱ ሰነፍ ነው» ይባልና በእጥፍ ይጠጣል። ሲበዛ ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጭራሽ አይሰጥም።

የግድ የምትገዙ ከሆነ ድፍኑን ግዙ፣ ራሳችሁ ውቀጡ። የእንዶድ ፍሬ ድፍን ሆኖ ይለያል፤ አራት አምስት ክፍል እንደ ነጭ ሽንኩርት ተጣብቆ ነው፣ እንቆቆ ግን አንድ ድቡልቡል። ከሁሉም የሚሻለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ መመርመር ነው፤ ለኮሶ ፕራዚኳንቴል በክብደት ተለክቶ አንዴ ይዋጣል፣ አለቀ።

ከዚያ ዱቄት አስቀድሞ የጠጣ ካለ፣ ለማስመለስ ጣት ጉሮሮ ውስጥ አይክተት። የተረፈውን ከነወረቀቱ ይዞ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ።