አዲስ አበባ–ናይሮቢ ለበጎ ፈቃድ፦ በራስ መኪና ወይስ በአውቶቡስ?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ለአብዛኛው ሰው አውቶቡሱ ይሻላል እላለሁ።

መኪናው ነፃነት ይሰጣል፣ አይካድም። ሐዋሳ ላይ ዓሣ ለመብላት ብትቆሙ የሚቆጣችሁ የለም፤ ድንኳኑም፣ ቡታጋዙም፣ ለትምህርት ቤቱ የሰበሰባችሁት የመጻሕፍት ካርቶንም ይጫናል። ዝግጅቱ ግን ወር ይበላል። ባሌስትራ ማስፈተሽ፣ ሁለት ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የናፍጣ ጀሪካን፣ ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ፦ ሊብሬ፣ የጉምሩክ ጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃድ፣ ኬንያ ውስጥ የሚሠራው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ። (ከቢጫ ወባ ካርዱ ጋር እንዳታምታቱት፤ እሱ ለእናንተ ነው፣ ይኼኛው ለመኪናው።) ሞያሌን ስትሻገሩ ደግሞ የሚነዳው በግራ ነው። እኔ ከማደያ ስወጣ በለመደ እጄ ቀኙን ይዤ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ተፋጠጥን። ጓደኛዬ እስከ ማርሳቢት ድረስ አላናገረኝም።

በአውቶቡስ ከሆነ ፓስፖርት፣ አንድ ቦርሳና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይበቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተወጉ፣ ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞያሌ ላይ ወርዳችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ፣ ኬንያ በኩል ሌላ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። በፊት ባሌስትራ ይሰብር የነበረው ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል። ጉልበት ያማል፣ እንቅልፍ የለም፣ በቃ።

ሥራችሁ ከአስፋልቱ ርቆ ቱርካና በረሃ ውስጥ ከሆነ ግን አውቶቡሱን እርሱት። ያኔ መኪና፣ እሱም ሁለት ሆኖ።