ጅማ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ላላችሁ፦ እኚህን መካኒክ እወቋቸው

ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው) ተጣብቆባችሁ «ሞተር ይውረድ» የተባላችሁ ሰዎች፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳትለጥፈው» ብለው አስጠንቅቀውኛል። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሥራቸውን ብናገር ግን የሚቆጡኝ አይመስለኝም፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

መኪናው የአባቴ ነው። በፈረንጆቹ 1967 የተሠራ ቮልስ። አባቴ ታሞ መንዳት ካቆመ ወዲህ ጓሮ ቆሞ ነው የከረመው። ከላዩ ቆርቆሮ አለ፣ ግን የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ባይመታ እርጥበቱ ከሥር ይመጣል። ባትሪ ቀየርን፣ የድሮውን ቤንዚን ደፍተን አዲስ ሞላን፣ ሞተሩም ብዙ ሳያስለፋን ተነሳ። የሰፈር ልጆች አጨበጨቡ። ከዚያ ማርሽ ላስገባ ስል ክርርርር! ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጬዋለሁ፣ ማርሹ ግን ወይ ፍንክች። ሪቨርስማ ጭራሽ የባሰ ነው።

መጀመሪያ ያየው ሌላ መካኒክ ነበር፤ ማን እንደሆነ ይቅር። ከኋላ ከፍቶ ሞተሩን አየት አደረገና «ካምቢዮው ተበልቷል፣ ሁሉም ይውረድ» አለ። ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው። ዋጋውን ስነግረው አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ጋሼን ጥሯቸው» አለ።

ጋሼ ሲመጡ መፍቻ እንኳ አልያዙም። «ሞተሩን አጥፋና ማርሾቹን አስገባ» አሉኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሪቨርስ። ሁሉም ያለ ኮሽታ ገባ። «አየህ፣ የተበላ ካምቢዮ ሞተር ስለጠፋ አይድንም» አሉ። ቀጥለው መኪናውን አንደኛ ማርሽ ላይ አድርገው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው፣ ቁልፉን ነካ ቢያደርጉት መኪናው ወደፊት ዘለለ። እግራቸው ፍሪሲዮን ላይ ነው፣ የሞተሩ ጉልበት ግን ጎማው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ካምቢዮው በዚያው ከጥርጣሬ ነፃ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «በቃ ሸራው ነው፣ ሞተር ይውረድ» ይል ነበር፤ ሸራ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው የፍሪሲዮኑ ሳህን ነው። እሳቸው ግን ከፔዳሉ ጀምረው ወደ ኋላ ሄዱ። ቮልስ ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት አይሠራም፣ በካቦ ነው። ካቦው ከፔዳሉ ተነስቶ በመኪናው ወለል መሀል አልፎ ካምቢዮው ጎን ያለውን ክንድ ይጎትታል። ካቦው ከላላ ወይም ገመዱ መበጣጠስ ከጀመረ ክንዱ በቂ አይሳብም፣ ፍሪሲዮኑም አይለቅም፤ ያ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነገር ነው። ፔዳሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ባዶ መሄድ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው መክበድ ያለበት። ደህና ነበር። የኋላውን የግራ ጎማ ፈትተው መሬት ላይ ተኙና «እርገጥ... ልቀቅ... እርገጥ» ይሉኝ ጀመር። እኔንም አስተኝተው አሳዩኝ፦ የካቦው ጫፍ ላይ ጆሮ ያለው ዳዶ አለ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ክንዱን ይዞት ይመጣል። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል። «እንግዲህ የቀረን ሸራው ብቻ ነው። ዝጎ ቮላኖው ላይ ተጣብቋል» አሉ። ቮላኖ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ነው።

በነገራችን ላይ ፍሪሲዮን አለቀ የሚባለው ሌላ በሽታ ነው። ያለቀ ወይም ዘይት የነካው ሸራ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይጎትትም። የኛው ግን አልላቀቅም ብሎ ነው ያስቸገረው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ደህና ሸራ ያስጥላችኋል።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከሩ። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠው በፔዳሉና በወንበሩ መሀል እንጨት ወትፈው አሳደሩት። አልለቀቀም። ጎረቤታችን ኋላውን በክሪክ አንስተን፣ በማርሽ አስነስተን ፍሬን እንያዝበት ሲል ሐሳብ አመጣ። ጋሼ ቱግ አሉ። «ክሪክ ላይ ያለ መኪና በማርሽ አይነሳም! ወርዶ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል!»

በማግስቱ መኪናውን አስጎትተን ሰው የማያልፍበት ሰፊ ሜዳ ወሰድነው። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ አቆዩት፤ ብረቱ ሲሞቅ ዝገቱ ቶሎ ይለቃል። አጠፉት። አንደኛ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረገጡ፣ በዚያው በማርሽ አስነሱት። መኪናው እየተንገጫገጨ ሄደ። እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ሳያነሱ ቤንዚን ይሰጣሉ፣ ድንገት ይለቃሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይለቃሉ። አንድ እጃቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ያለ ፍሪሲዮን የሚሄድ መኪና የሚቆመው ሲጠፋ ነውና። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር። የሆነ ሰዓት ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ መኪናው በራሱ ቀስ ብሎ ቆመ። ለቀቀ!

ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ሒሳብ ይቀበላል። እሳቸው ግን እዚያው ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እየነዱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ እየለቀቁ፣ የቀረውን ዝገት አሻሹት። ከዚያ ዳዶውን አስተካክለው «መኪናው መሄድ ሲጀምር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥራኝ፣ ያኔ ሞተር አውርደን ቮላኖውን እናጸዳለን፤ አንዴ ከወረደ ሸራውንም ኩሽኔታውንም አብረን እንቀይራለን» አሉኝ። እስካሁን አልተንቀጠቀጠም። ዳግም እንዳይጣበቅ ደግሞ አስነስቶ ማጥፋት ብቻ አይበቃም ብለውኛል፤ ከግቢ ወጥቶ ማርሽ እየተቀየረ መነዳት አለበት።

የተቀበሉኝ የድካማቸውን ብቻ ነው። ልጨምር ብል «ምን ቀየርኩልህና?» አሉ። ጋሼ፣ አባቴም እኔም ከልብ እናመሰግናለን። እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ቀጠሮ ይዘው ሊያረፍዱ ይችላሉ። የኤሌትሪክ ሥራ አይነኩም፣ «ወደ ባለሙያው ሂድ» ነው የሚሉት። ሥራ ላይ ሆነው አጠገባቸው የሚያወራ ሰውም አይወዱም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ፍሪሲዮኑ የተጣበቀ መኪና ይዛችሁ መንገድ እንዳትወጡ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ትራንስፖርታቸውን ቻሉ። አርብ ቀትር ላይ ግን አትጥሯቸው፣ ጁምዓ ናቸው።