ውሃው 37 ላይ እስኪረጋ ድረስ ከቤታችን ያልወጣው ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ማመስገን ያለብኝን ሰው ሳላመሰግን ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ዛሬ ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ ሲጫወት፣ ኮምፒውተሩም እንደ ድሮው ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ ሳይ፣ ከዚህ በላይ መዘግየት ነውር መስሎ ተሰማኝ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ «ሞቀ፣ ሊቃጠል ነው» ተብላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ኮምፒውተሩን የሠራው ባለቤቴ ነው። ከልጃችን ጋር ሆኖ፣ ማታ ማታ፣ አንድ ወር ሙሉ። ጠንካራዎቹን የፕላስቲክ ቱቦዎች ለክቶ የቆረጠው፣ በሙቀት አለስልሶ ያጠፋቸው እሱ ነው፤ ልጁ ደግሞ መብራት ይይዝለት ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። «ጣሉትና አዲስ ግዙ» የሚለውን ቃል ስሰማ ምን እንደተሰማኝ፣ የሚወደው ሰው የተለየው ሁሉ ይረዳዋል።

ጭንቀቱ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ልጄ ትንሽ ሲጫወት ማራገቢያዎቹ መጮህ ይጀምራሉ፤ በስክሪኑ ጥግ ላይም 88 የሚል ቀይ ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ የጠራነው ጠጋኝ፣ ስሙንም ሱቁንም አላነሳም፣ ቁጥሩን ገና ከማየቱ «ውሃው ሊፈላ ነው» አለን። ባለቤቴ ተጠንቅቆ የሞላውን ፈሳሽ ደፍቶ የቧንቧ ውሃ ጨመረበት፤ ማራገቢያዎቹን ፈታ፣ መልሶ ገጠመ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ስደውልለት ስልኩን ማንሳት ተወ።

ሁለተኛው ደግሞ አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ ቆሞ አየውና «ይህን የሠራው ሰው ሥራውን አያውቅም፤ ሁሉም መቀየር አለበት» አለ። ልጄ እዚያው ቆሞ ነበር። አንድም ቃል ሳይመልስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። የመጀመሪያውን ሰው ይቅር ብየዋለሁ፤ ይህኛውን ግን እስካሁን አልቻልኩም።

ሦስተኛውን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስደውልለት «ስንት ደረሰ?» አላለኝም። «88 የሚለው ቁጥር የምኑ ነው? የውሃው ነው ወይስ የፕሮሰሰሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው፣ ውሃውም የሚያቀዘቅዘው ክፍል ነው። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

መጥቶ ከስክሪኑ ፊት አስቀመጠንና ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሳየን። «እናቴ፣ 88 የፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው። በከባድ ጨዋታ ጊዜ ፕሮሰሰር እዚህ መድረሱ ያጋጥማል፤ ከልክ ሲያልፍበት ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤትዎ ውሃው ውስጥ መለኪያ አስገብተውለታል፤ የውሃው ሙቀት ይኸኛው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አለኝ። ከታች በኩል በትንሹ የተጻፈው ቁጥር 51 ይላል።

ያስረዳኝ በገባኝ መጠን እንዲህ ነው። ረጅም ሰዓት ሲጫወቱ ውሃው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን መልካም ነው። 45 ቢደርስ የሚያስደነግጥ ባይሆንም ምክንያቱን ማየት ይገባል። 50ን ካለፈ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወደ 60 ሲጠጋ ግን ብዙዎቹ ፓምፖች ከሚችሉት ወሰን ይደርሳል፤ እንደ እኛ ዓይነቶቹ ቱቦዎችም መለስለስ ይጀምራሉ፤ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ላይ ላላ ማለት ደግሞ ውሃው ኤሌክትሪኩ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ቁጥሩን ከክፍሉ ሙቀት ጋር ማስተያየት እንደሚያስፈልግም ነገረኝ። ውሃው ከክፍሉ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ከክፍሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ደህና ነው። የእኛ ክፍል 24 ነበር። ስለ ፓምፑ ፍጥነትና ስለ ራዲያተሩ (የውሃውን ሙቀት ወደ አየር የሚያወጣው ክፍል) ውፍረት የነገረኝን ግን አልያዝኩትም።

ከዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደደና በሦስቱ ማራገቢያዎች ፊት ተራ በተራ ያዘው። አንደኛው ወረቀቱን ገፋው። ሁለተኛውም ገፋው። ሦስተኛው ግን ወደ ራሱ ሳበው። ልጄ ቀድሞት «ተገልብጦ ነው የተገጠመው!» ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ሲመልሰው ገልብጦት፣ ሁለቱ በራዲያተሩ በኩል የገፉትን ሙቅ አየር ሦስተኛው መልሶ ሲስበው ኖሯል። ራዲያተሩንም አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ከቧንቧ ውሃው የመጣ አረንጓዴ ዝቃጭም ነበረበት፤ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ አጠበውና ለዚሁ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ሞላበት። የአየር አረፋው እንዲወጣ ሳጥኑን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ረጅም ጊዜ ቆየ። ማራገቢያዎቹም ከእንግዲህ የውሃውን ሙቀት እንዲከተሉ አደረጋቸው፤ የፕሮሰሰሩ ቁጥር በሰከንዶች ስለሚዘል ነበር እየተነሡ የሚጮኹት። አዲስ ዕቃ ግዙ አላለንም። አንድም!

የጎኑን ክዳን ሊገጥም ሲያነሳው ቆም አለ። ከውስጥ በኩል ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። እኔ ስለ መኖሯም አላውቅም፤ ከእሱ በፊት የመጡት ሁለቱ ክዳኑን ፈትተው ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉት አላዩዋትም። የባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ ናት፦ «ክፍሉ 24፣ ውሃው 36። ከ40 አይለፍ።»

ባለሙያው አነበባትና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጄ ዞረ። «አባትህ ናቸው የጻፉት? ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እኔ እንድደርስበት የምፈልገው ቁጥር ይኸው ነው» አለው። ያ ሁለተኛው ሰው በልጄ ላይ የጫነበትን ነገር ይህ ባለሙያ በአንድ አረፍተ ነገር አነሳለት። ወደ ሌላ ክፍል ሄጄ አለቀስኩ።

ሥራው ስላለቀ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። «ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ በአምስት ደቂቃ አይቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጄን በጣም ከባዱን ጨዋታ አስከፈተው፤ በየአሥር ደቂቃውም የውሃውን ቁጥር በደብተር እንዲጽፍ ነገረው። 29፣ 32፣ 34፣ 36። ከዚያ 37። ቀጥሎም 37። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ለቆየበት ጊዜ ልጨምርለት ብል በፍጹም አልቀበል አለኝ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ሰው ሲበዛበት ቸኩሎ መሥራት እንደማይወድ ነግሮኛል። ስለዚህ በግል ጻፉልኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አገናኘዋለሁ። እባካችሁ፣ ዕቃችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ለዚህ ባለሙያ አሳዩት። የቱንም ያህል ቢያስጠብቃችሁ ጠብቁት። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ ልጄ ክዳኑን እንደገና ከፈተው። ከአባቱ ጽሑፍ ሥር፣ በራሱ እጅ፣ ቀኑን ጻፈና «ክፍሉ 24፣ ውሃው 37» ብሎ ጨመረበት።