ለጨው ውኃ የሚሆን ሜታል ዲቴክተር፦ ለቁልቢ መጥቼ በድሬዳዋና በጅቡቲ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች

ዘንድሮ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ወደ ድሬዳዋ ስመጣ፣ ለቤተ ሰብ ከያዝኩት ዕቃ ሌላ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም አሸዋ ወይም አፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ፣ ነበረ። የወንድሜ ባለቤት ባለፈው መስከረም ከልጆቿ ጋር ጅቡቲ ሄዳ ሳለ፣ በኮር አምባዶ የባሕር ዳርቻ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆማ ልጇን ስታጥብ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ቀርቶባታል። እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ የዕረፍት ቀኔን በሐይቅ ዳር የጠፋ ዕቃ በመፈለግ እንደማሳልፍ ቤተ ሰቡ ስለሚያውቅ፣ «መሣሪያህን ይዘህ ና» እያሉ ደጋግመው ደወሉልኝ። ይዤ መጣሁ፤ ነገር ግን የያዝኩት ለሐይቅ እንጂ ለባሕር የሚሆን አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለተመሳሳይ ጉዳይ የሚመጣ ሰው የእኔን ስሕተት እንዳይደግም፣ እንዲሁም በድሬዳዋ ያገኘኋቸውን ባለሙያዎች ሥራ እንደሚገባው ለማመስገን ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያዬ በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ውኃ ውስጥ ቢጠልቅም የማይበላሽ ነው። የሸጠልኝ ሰው ለባሕርም እንደሚሆን ነግሮኝ ነበር፤ በሚኒሶታ ሐይቆች ሦስት ዓመት ሙሉ አሳፍሮኝ ስለማያውቅ እኔም አልተጠራጠርኩም። ድሬዳዋ በደረስኩ ማግስት ጠዋት ወደ ደቻቱ ወርጄ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ሞከርኩት። ምስማሩን ከቆርኪው፣ ቆርኪውን ከሳንቲሙ ለይቶ ነገረኝ፤ አንድ የቆየ የጋሪ ፈረስ ጫማም አወጣልኝ። በዚህ ተማምኜ ጅቡቲ ስደርስ ግን መሣሪያው ከባሕሩ ራቅ ባለው ደረቅ አሸዋ ላይ ብቻ በደንብ ሠርቶ፣ እርጥቡን አሸዋ ከረገጥኩበት ደቂቃ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ የመስማት ኃይሉን ቀነስኩት፤ ከዚያም የራሴን ቀለበት በክር አስሬ ሦስት ጣት በሚያህል ጥልቀት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩና ከላዩ አሳለፍኩት። ዝም ብሎ አለፈ። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን የክር ሙከራ አስቀድሞ ቢያደርግ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የዚህ ምክንያቱ ከመሣሪያው አሠራር የሚመነጭ ነው። ከታች ባለው ክብ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩ ወርቅ ወይም ብር ወይም ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶችን ያስነሣል፤ እነዚያም መልሰው የሚልኩትን ደካማ መስክ መሣሪያው አዳምጦ ድምፅ ያሰማል። እንግዲህ በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚገኝና ይህም ውኃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሚያደርገው፣ ባሕሩም ሆነ በባሕር ውኃ የራሰው አሸዋ ለመሣሪያው ራሱ እንደ አንድ ትልቅ ደካማ ብረት ሆኖ ይሰማዋል። ማዕበል ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ኮይሉም በእጃችን ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ይለዋወጣል። በጅቡቲ ደግሞ ችግሩ ይደረባል፤ የባሕር ዳርቻው አካባቢ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ በመሆኑ ከአሸዋው ጋር የተቀላቀለው ጥቁር ድንጋይ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለበት። በአንድ ድግግሞሽ የሚሠራ መሣሪያ ወይ ጨውን ወይ ይህን ማዕድን ችላ እንዲል ሊስተካከል ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይችልም።

ስለዚህ በመሣሪያው ካርቶን ላይ «ውኃ አያስገባም» የሚለውን ጽሑፍ «ጨው ይችላል» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ስለ ጎሚኒውና ስለ ሽፋኑ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከውስጡ ካለው አሠራር የሚመጣ ነው። ለጨው የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራው ሲሆን፣ ከተለያዩት ድግግሞሾች የሚመለሰውን ምላሽ እያነጻጸረ የጨውንና የማዕድኑን ድምፅ ለይቶ ያስወግዳል፤ የተገኘውም ነገር ምን ዓይነት ብረት ሊሆን እንደሚችል በቁጥር ያሳያል። ሁለተኛው በአጭር በአጭሩ የኤሌክትሪክ ምት እየላከ በየመካከሉ የሚያዳምጥ ነው፤ የጨው ውኃ ምላሽ ከብረት ምላሽ ቀድሞ ስለሚጠፋ ይህ ዓይነቱ ጥቂት ታግሦ በማዳመጥ ብቻ ጨውን ያልፈዋል። ጥልቀቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ምስማርን ከወርቅ የመለየት ችሎታው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የጮኸበትን ሁሉ መቆፈር ግድ ይላል። ሰው የሚዝናናበት፣ ቆርኪና ምስማር የበዛበት ዳርቻ ላይ ቀኑ በከንቱ ያልቃል ብዬ ስለ ፈራሁ የመጀመሪያውን ዓይነት መረጥኩ።

ከብዙ ድግግሞሽ መሣሪያዎች መካከል ማይንላብ ኢክዊኖክስ 800 እና ኖክታ ሌጀንድ እስከ 3 ሜትር፣ ኤክስፒ ዴዩስ 2 እስከ 20 ሜትር ጥልቀት ውኃ ይችላሉ። ጋሬት ሲ ሃንተር ማርክ 2 የምት ዓይነት ሲሆን እስከ 60 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይህ ግን ለጠላቂ ዋናተኛ እንጂ ጉልበቱ ድረስ ለሚገባ ሰው የሚያስፈልግ አይደለም። ማይንላብ ቫንኩዊሽ በዋጋው ዝቅ ያለና በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራ ቢሆንም ውኃ የሚችለው ኮይሉ ብቻ ስለሆነ፣ ማዕበል ድንገት ወገብ ድረስ በሚመጣበት ቦታ አልደፍረውም። ለእኛ ጉዳይ ሦስት ሜትር ከበቂ በላይ በመሆኑ ያገለገለ ኢክዊኖክስ 800 እንዲገዛልኝ ሚኒሶታ ደወልኩ፤ ለቁልቢ የሚመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅም ይዞልኝ መጣ። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ ከመሣሪያው ጋር በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው፣ የግዢ ደረሰኙንም እንዳይረሳ አደራ ብዬው ነበር። አየር ማረፊያ ላይ ምንነቱን ጠይቀውት፣ ደረሰኙን አይተው በትሕትና አሳልፈውታል።

የሚቀጥለው ጉዳይ ማንሻው ነበር። ውኃ ውስጥ በእጅ መቆፈር አይቻልም፤ ጉድጓዱ ወዲያው ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ አሸዋውን ዝቆ የሚያነሣ፣ አሸዋውንና ውኃውን በቀዳዳ አፍስሶ ዕቃውን የሚያስቀር እጀታው ረጅም የሆነ ማንሻ ያስፈልጋል። ከከፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ወዳለ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ፣ ወጪው እንዲቀንስ ብዬ በላሜራ ሠርተው ቀለም እንዲቀቡልኝ ጠየቅኋቸው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ጅቡቲ ወደብ ሠርቻለሁ፤ ጨው ላሜራን እንዴት እንደሚበላው በዓይኔ አይቻለሁ። ላሜራ አልሠራልህም» አሉኝ። ከአንድ አሮጌ የሆቴል ወጥ ቤት ጠረጴዛ የተረፈ እስቴንለስ አወጡና «የማን ጣት ቀለበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሴት መሆኑን ስነግራቸው በትራፓን አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስተው፣ የራሳቸውን ሠራተኛ ሚስት አስጠርተው ቀለበቷን በቀዳዳው በኩል በጎንም በጠርዝም ሞከሩት፤ አላለፈም። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ በሞረድ አለሰለሱ፤ ብየዳውንም በእስቴንለስ ኤሌክትሮድ ሠሩት፤ ተራ ኤሌክትሮድ ቢሆን መጋጠሚያው ይዝግ ነበርና። በእግር ተረግጦ እንዲገባ ከኋላው መርገጫ የጨመሩለት ሳልጠይቃቸው ነው። የከፈልኩት ሚኒሶታ ከሚያስወጣኝ ሩብ አይሞላም፤ ሥራው ግን ከፋብሪካው ይበልጣል ብዬ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ።

ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በባቡር ሄድን። የድሬዳዋው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጁን ከዋዜማው መነጋገር ይሻላል። ማንሻው ከሻንጣ ጋር የማይታሠር ረጅም ዕቃ ቢሆንም ጫኞቹ ቦታ ፈልገው በጥንቃቄ አኑረውልናል። በጅቡቲ በመጀመሪያው ጉዞ የያዝኩት የኪራይ መኪና ሹፌር ግን ሌላ ሰው ለማድረስ ብሎ ሁለት ሰዓት አቆየን፤ ባሕሩ የሚሸሸው በራሱ ሰዓት እንጂ በሹፌር ሰዓት ስላልሆነ፣ ስንደርስ ውኃው ተመልሶ ሞልቶ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውኃው ሲሸሽ ጉልበት ይደርስ የነበረው ቦታ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይደርሳል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትሠርቅበት ሰሞን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይርቃል። በሁለተኛው ጉዞ የያዝነው ሹፌር የድሬዳዋ፣ የለገሐሬ ሰፈር ልጅ ነው፤ ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት ከዓሣ አጥማጆች ጠይቆ፣ ከዚያ ከሁለት ሰዓት በፊት ቦታው አደረሰን።

ሁለተኛው ጉዞ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ነበር። የወንድሜ ባለቤት ቆማበት የነበረውን ቦታ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ አንጻር ታስታውሰው ነበርና፣ ሁለት ቱቦላሬ ተክለን በመካከላቸው ገመድ ወጠርን፤ እኔም ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየሄድኩ በየመስመሩ ፈለግሁ። መሣሪያው ለባሕር ሁለት አሠራር አለው፤ ሁለተኛው ለውኃ ውስጥ የተዘጋጀና የሚልከው ኃይል ዝቅ ያለ ስለሆነ እርሱን መረጥኩ። የመስማት ኃይሉን ከ25 ወደ 17 ዝቅ አደረግሁ፤ ኮይሉንም ከአሸዋው ሳላርቅ በዝግታ አወዛወዝኩ። በመጀመሪያው ቀን የተገኘው የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ፣ የዓሣ መረብ እርሳስና ሁለት የጅቡቲ ሳንቲም ነው። የወርቅ ቀለበት ቁጥር ከጣሳ መክፈቻ ቁጥር ጋር ስለሚቀራረብ መክፈቻ እየመሰለ የሚተው ሰው ወርቁንም ይተዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም አነሣሁ። ቀጭን የአንገት ሐብል ቢሆን ኖሮ የጠፋው፣ ተስፋዬ በጣም ያንስ ነበር፤ የሐብል ምላሽ ከጨው ምላሽ ጋር ስለሚመሳሰል ጨውን የሚያስወግደው አሠራር እርሱንም አብሮ ይደፍቀዋል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በአራተኛው መስመር ላይ 13 ቁጥር መጣ፤ ከቀኝም ከግራም ስሄድ አልተለወጠም። በማንሻው መጀመሪያ የዛቅሁት ባዶ ነበር፤ በሁለተኛው ከጠጠሩ ጋር ቀለበቱ ማንሻው ውስጥ ቀረ። ጥልቀቱ ስንዝር ያህል ነው። የወንድሜ ባለቤት ከተገኘ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ላስገባ ብላ ተስላ ስለነበር፣ የታኅሣሡ ንግሥ ቢያልፍም የሐምሌ 19ኙ አለ ብላ ጥላውን ማፈላለግ ጀምራለች።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ከተመለስን በኋላ የወንድሜ ልጅ መሣሪያውን ሐረር ወስደን በጀጎል ግንብ ዙሪያ እንሞክረው ብሎ ለመነኝ፤ እኔም አልፈቀድኩም። ሐረር የራሷን መሐለቅ ታወጣ የነበረች፣ ጀጎሏም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ናት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው። የግንቡ ሥር አፈር ለባለሙያ የሚተው ነው፤ ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ይህን መሣሪያ ይዘን ወደዚያ መጠጋት የለብንም።

መሣሪያውን ለወንድሜ ትቼለት ሄጃለሁ፤ አያያዙንም ከዚራ ባረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ፣ ባለቤቲቱ በፈቀዱልን የውኃ ቧንቧ ሥር አሳይቼዋለሁ። ከባሕር በተመለሰ ቁጥር የኮይሉ ሽፋን ተነቅሎ በመካከሉ የገባው አሸዋ መውጣት አለበት፤ ዘንጉም ተለያይቶ ይታጠባል። የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ነጭ ድንጋይ የሚያስቀር ስለሆነ፣ የቻርጅ መገናኛ ነጥቦቹን በመጨረሻ በታሸገ ውኃ አለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ ይገባል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ገመድ አልባ ማዳመጫ የሚልከው ሞገድ ውኃ ውስጥ ስለማያልፍ፣ መቆጣጠሪያው ሲጠልቅ ድምፁ ይቋረጣል፤ ለወንድሜ ለሚቀጥለው ጉዞ ውኃ የማይገባው ባለ ገመድ ማዳመጫ እልክለታለሁ። የመጀመሪያው መሣሪያዬ የባትሪ ክዳን ጎሚኒም ተሰንጥቆ ነበር፤ ታይዋን ገበያ አንድ የሰዓት ጠጋኝ ትክክለኛውን ልክ ፈልጎ፣ በሲሊኮን ቅባት አሽቶ ገጥሞልኛል። ያን መሣሪያ ወደ ሐይቆቼ መልሼ ወስጄዋለሁ። ማንሻውን ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ብየዳ ቤቱ ልኩን በካርቶን ቀርጾ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።