ለካፌዬ የሥራ መከታተያ ያዘጋጀችልኝ የሂሳብ ባለሙያ፣ ብሬ አላስቆጨኝም

ካፌ ከከፈትኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቱ ጠዋትም ማታም ይሞላል፣ ብሩ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ማታ ሳጥኑን ቆጥሬ፣ የቴሌብሩን ደምሬ፣ "ዛሬ ጥሩ ነው" ብዬ እገባለሁ፤ ወር ሲደርስ ደግሞ ለኪራይና ለደመወዝ እሯሯጣለሁ።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ስጠራ ሶፍትዌር የምትጭንልኝ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ላፕቶፗን እንኳ አልከፈተችም። ከቦርሳዋ ትንሽ ሚዛን አውጥታ ማሽኑ አጠገብ ቆመች፤ ባሪስታው ለአንድ ስኒ የሚጠቀመውን ቡና አስር ጊዜ መዘነች። አማካዩ 8 ግራም መጣ። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ 125 ስኒ መውጣት አለበት። የሳምንቱን ደረሰኝ ስትቆጥር ግን በኪሎ የተሸጠው 98 ብቻ ሆኖ ተገኘ። 27 ስኒ! የሰረቀ ሰው የለም። ተበላሽቶ የተደፋ አለ፣ ሠራተኛው የጠጣው አለ፣ እኔም "በእኔ ነው" እያልኩ ለወዳጅ የጋበዝኩት አለ። ማንም ስላልጻፈው ብቻ ነው ያልታየው።

ከዚያ በኋላ አራት ነገር ብቻ እንድንመዘግብ አደረገች፦ የቀን ሽያጭ፣ የወጣ ቡናና ወተት፣ የተደፋ ወይም በነጻ የተሰጠ፣ እና ዱቤ። እኔ ሃያ ነገር ጠይቄ ነበር፣ እምቢ አለችኝ፤ ልክ ነበረች። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው መደበች፤ ሽያጩን ካሸሯ ትጽፋለች፣ የተደፋውን ባሪስታው ፈረቃ ሲቀያየሩ ማሽኑ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ እኔ ማታ በስልኬ ጉግል ሺት (ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ ሰንጠረዥ) ላይ አስገባዋለሁ። ሺቱ ነጻ ነው፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረም መለስ ብሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ሳንቀይር መዘገብን፤ ከየት እንደተነሳን ሳናውቅ ግብ ማስቀመጥ ግምት ነው አለች።

ቅር ያለኝም አለ። ሺቱን በፈረንጅ ወር ሠራችው። ኪራዬ በእኛ ወር ነው፣ የበጀት ዓመቴም ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ስለዚህ የወሩ ድምር ከኪሴ ጋር አልገጥም እያለ አንድ ወር ሙሉ ተሰቃየሁ። በኋላ ተነጋግረን አስተካከለችው፣ ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር አብረን ደመርነው። ሌላው፣ ሥልጠናውን የሰጠችው ለእኔ ብቻ ነው። ካሸሯን እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤ በየቀኑ የምትጽፈው እሷ ስለሆነች አብራ መቀመጥ ነበረባት።

አሁን በኪሎ 113 ስኒ ደርሰናል። ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። ኬኩና ሳምቡሳው ገና አልተነካም፣ ለእሱ መስከረም ላይ መልሼ እጠራታለሁ።