እንኳንም «ቆዪ» አልሽኝ

ሰላም የባህር ዳር እናቶች፣ ሰላም ሯጮች። ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሕፃን ይዞ መጻፍ እንዴት እንደሆነ የያዘችው ታውቀዋለች። አሁን ልጄ ተኝታለች። እኔም ዛሬ ጠዋት 14 ኪሎ ሜትር ሮጬ ያለ ምንም ሕመም ቤቴ ገብቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሳላመሰግን አልውልም።

የማመሰግናት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የምትሠራው ሽምብጥ አካባቢ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ፍራሽ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ከማርገዜ በፊት አንድ ማራቶን ጨርሻለሁ። ለሁለተኛው እየተዘጋጀሁ ሳለ ነው ያረገዝኩት። ልጄ በሰላም ተወለደች። ገንፎው ተገነፋ፣ አጥሚቱ ተጠጣ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውም ጠያቂ ቤቱን ሞላው። እኔ ግን ተኝቼ የማስበው የሩጫ ጫማዬን ነበር። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች፤ በሳምንቱ ልሮጥ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ንፋስ ይገባብሻል፣ ተይ ልጄ» ብላ ለምናኝ ነበር። አልሰማኋትም። ከጊዮርጊስ ተነስቼ በጣና ዳር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሞላ ሽንቴ አመለጠኝ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ በእግሬ ተመለስኩ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ከዚያ አንድ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ «ሆድሽ ላልቶ ነው» ብሎ በቀን 100 ሲትአፕ አዘዘልኝ። ሁለት ሳምንት ሠራሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ሆዴ መሃሉ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ይሾል ጀመር። ወገቤም ታመመ። ይሄኔ ነው የሥራ ባልደረባዬ የዚህችን ሴት ስልክ የሰጠችኝ።

«ማራቶን መቼ እሮጣለሁ?» እያልኩ ነው የገባሁት። እሷ ግን ልጄ ማታ ስንት ጊዜ እንደምትነቃ ጠየቀችኝ። ቀጥላም «አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ?» አለችኝ። ከዚያ በጀርባዬ አስተኛችኝ። ጉልበቴን አጥፌ ጭንቅላቴን ትንሽ ቀና አደረግሁ። ጣቶቿን ከእምብርቴ በላይ አሳረፈች። ሦስት ጣት ሰመጠ። የኔን እጅ ይዛ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችውና «ይኸው፣ የሆድሽ ጡንቻ ግራና ቀኝ ተከፍቷል። አሁን ሲትአፕ ያብስብሻል። አይዞሽ የኔ እናት፣ በሥራ ይጠባል» አለችኝ። አለቀስኩ። ከሦስት ወር በላይ ሁሉም ሰው ሕፃኗን ሲያይልኝ ነበር፤ እኔን ነክቶ ምን እንደሆንኩ የነገረኝ ግን የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ስለ ሽንቱም ራሷ ጠየቀችኝ። ልክ ስለ ጉንፋን እንደሚጠየቀው፣ ያለ ምንም ማሸማቀቅ። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ። ዘጠኝ ወር ሸክም ችለዋል፣ በምጥ ጊዜ ተለጥጠዋል። ስንሮጥ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችን ከእጥፍ በላይ የሆነ ኃይል ያርፍብናል። «የተሰበረ እግር ጄሶው ሳይወልቅ ይሮጥበታል?» አለችኝ። ከ3 ወር በፊት መሮጥ አይመከርም፤ ከዚያ በኋላም የሚጠየቀው ሰውነት እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም።

ስቸኩል ስታይ ስለ ጥሩነሽ ዲባባ አነሳችልኝ። ጥሩነሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ወለደች። በ2016 ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወሰደች። የቺካጎ ማራቶንን ያሸነፈችው በ2017 ነው። «ጥሩነሽም ጊዜ ወስዳለች፤ አንቺን ማን አጣደፈሽ?» ስትለኝ ልቤ ረጋ።

ሥራው ሲጀመር ሩጫ የሚመስል ነገር አልነበረውም። አየር እያስወጡ የታችኛውን ጡንቻ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ ስቦ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ልጄን እያጠባሁ እሠራው ነበር። ቀጥሎ የመቀመጫና የባት ማጠንከሪያ መጣ። ከዚያ ፈተናው፦ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ መዝለል፣ ባሉበት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ። ሕመም፣ ከታች የመክበድ ስሜት ወይም የሚያመልጥ ሽንት ካለ አላለፍሽም። እኔ በግራ እግሬ ሰባተኛው ዝላይ ላይ ወደቅሁ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ» አለችኝ። የዚያን ቀን ሂሳብ አልተቀበለችኝም።

የመጀመሪያውን ሩጫ መቼም አልረሳውም። ልጄ ስድስት ወር ልትሞላ ትንሽ ቀርቷታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጣና ዳር ተቀጣጠርን። በሳይክል መጣች። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ 10 ጊዜ። ከጎኔ ቀስ እያለች እየነዳች «በይ ሩጪ» ትለኛለች። ገና መሞቅ ስጀምር «በቃ፣ ተራመጂ»። ከደንገሉ ጀርባ አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በጠቅላላ 10 ደቂቃ ብቻ ነው የሮጥኩት። ሲያልቅ ግን ደረቅ ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው ምንም ነው። ለኔ ያ ቀን ከማራቶኑ ሜዳልያዬ ይበልጥብኛል።

ደብተር አስይዛኛለች። የሮጥኩትን ብቻ ሳይሆን የተኛሁትንም ሰዓት እጽፋለሁ። ልጄ ሌሊቱን አራቴ ካስነሳችኝ የዚያ ቀን ሩጫ በእርምጃ ይተካል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም። ሕመሙ፣ የመክበድ ስሜቱ ወይም የሚያመልጠው ሽንት ከተመለሰ ወዳለፈው ሳምንት ሥራ እንመለሳለን፤ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። ጡት አጥብቼ ነው የምወጣው፤ ጡት ሞልቶ መሮጥ ያማል። ሠፈር ውስጥ «የሮጠች ሴት ወተት ይበላሻል» ይባላል። በመጠኑ ከሆነ እንደማይጎዳው ነግራኛለች፤ ልጄም ክብደቷ ደህና እየጨመረ ነው። የሚያስፈልገው በደንብ መብላትና ውሃ መጠጣት ነው። ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባቴ ጋር እንድመካከር የላከችኝም እሷው ናት።

አሁን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ እመለሳለሁ። የቤዛዊትን ዳገት ገና አልፈቀደችልኝም። በመጪው ኅዳር የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ ስለ ማራቶኑ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ለመጥቆም ያህል፣ በሁለት ሳምንት ወደ ሩጫ መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ እሷ አትሆናችሁም። የምትሠራው ብቻዋን ስለሆነ ወረፋ አለው። ቀን ሰው እያከመች ስልክ አታነሳም፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደውሉ። ክፍያዋ የመንግሥት ሠራተኛ የሚችለው ነው። ኢንቦክስ ላደረገችልኝ ሁሉ ቁጥሯን እሰጣለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ልጅ የሚይዝልኝ የለም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ያ ጥግ ላይ ያለው ፍራሽ ለሕፃናት የተነጠፈ ነው። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ስቆጥር፣ ልጄ መጀመሪያ የተገለበጠችው እዚያ ላይ ነው።