ፀጉር መሰል አልጌ፦ መብራት ማጥፋት ወይስ በእጅ መንቀል?

በአዲስ የባሕር ውሃ አኳሪየም አሸዋው ቡናማ ብናኝ ቢለብስ አትሸበሩ፤ የሚመገበው ሲሊኬት የተባለ ማዕድን ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ጣጣው አረንጓዴው፣ ፀጉር መሰሉ አልጌ ነው።

መብራቱን ለ3 ቀን አጥፍቶ መስተዋቱን በጨርቅ መሸፈን ድካም የለውም። ግን የሞተው አልጌ እዚያው ይበሰብሳል፤ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አልጌን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌትም ተመልሰው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ እንደገና ያቆጠቁጣል።

በእጅ መንቀል አሰልቺ ነው፤ የሚሻለው ግን እሱ ነው። ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ እየፈተጉ የተነቀለውን ወዲያው በቀጭን ቱቦ መሳብ ነው፤ ቁርጥራጩ ከተበተነ ሌላ ቦታ ይበቅላል። የወጣውን ውሃ፣ 10 በመቶ ገደማ፣ በአርኦ (ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) ተጣርቶ ጨው በተበጀለት ውሃ ይተኩ፤ የጨው መጠን መለኪያው ሃይድሮሜትር 1.025 ያንብብ። የቧንቧ ውሃ ፎስፌት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፎስፌትን ጭራሽ ዜሮ ማድረግ ደግሞ ለባሰው፣ ዲኖፍላጀሌት ለተባለው ረቂቅ ተሕዋስ፣ በር መክፈት ነው።